የባለቤቴ ፊቶች

ኦርቪል ስታክፖልን ያገባሁት ሦስት ጊዜ ሲሞት ካየሁት በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ተሰቅሎ፣ አንድ ጊዜ ከነፈረሱ ገደል ገብቶ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እርጅና ጨርሶት በልጅ ልጆቹ ተከቦ ሞተ። ያኔ ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነበር፤ እንኳን የልጅ ልጅ፣ ልጅም አልነበረው። ሦስቱም ሟቾች አንድ ሰው መሆናቸውን ግን አላወቅኩም ነበር።

እኔ በፓሎማ የፊልም ኩባንያ ቆራጭ ነበርኩ። ኢደንዴል በሚባለው የፊልም ሠፈር፣ ኮረብታው ሥር፣ ድሮ የከብት መኖ ይሸጥበት የነበረ ቤት ውስጥ ሰባት ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን። ለእያንዳንዳችን አንድ መቀስ፣ አንድ ብልቃጥ ማጣበቂያና ነጭ የጥጥ ጓንት ተሰጥቶናል። ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘን እናያለን፣ እንቆርጣለን፣ እንቀጥላለን። ዝናብ ሲዘንብ ቤቱ አሁንም ገለባ ገለባ ይሸታል።

ኦርቪል ወደ ኢደንዴል የመጣው በ1913 ነው። ከዊስኮንሲን ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየዞረ ከሚጫወት የቲያትር ቡድን ጋር ነበር የሚዞረው። ቤከርስፊልድ ሲደርሱ ዋናዋ ተዋናይት ከአንድ ብርቱካን አልሚ ጋር ጠፋች። ያለ እሷ ትርኢት ስለሌለ ቡድኑ እዚያው ተበተነ። ኦርቪል የፊልም ሰዎች ምሳ ያበላሉ ሲባል ሰምቶ መጣና ከኩባንያችን በር ላይ ሥራ ከሚጠብቁት ጋር ተሰለፈ። ዳይሬክተሩ ሚስተር ፌንተን በሩን ከፍቶ ወጣ።

«ከመሀላችሁ ጥቁር ኮት ያለው ማነው?»

ሰባኪ ሆኖ ሊሠራ የነበረውን ሰውዬ ጠዋት በቅሎ ረግጦት ነበር። ኦርቪል እጁን አወጣ። እስከ ምሳ ሰባኪ ሆኖ ሠራ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ፈረስ ሌባ የሚሆነው ተዋናይ ፈረሱን ሲያይ አልቀመጥም ብሎ ድርቅ አለ።

«እኔ እቀመጠዋለሁ» አለ ኦርቪል።

«አንተማ ሰባኪው ነህ እኮ።»

«ጺም ስጡኝ። የወለደችኝ እናቴ እንኳ አታውቀኝም።»

በዚያ ፊልም ሰባኪው ሌባውን ኮረብታ ለኮረብታ ሲያሳድደው ይውላል። የሚያሳድደውም የሚሸሸውም እሱ ነው። ቁርጥራጩን የቀጠልኩት እኔ ነበርኩ፤ ነገሩን ጨርሶ አልጠረጠርኩም።

የተዋወቅነው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የክፍላችን ቧንቧ ፈንድቶ ሠራተኛ እስኪመጣ እየጠበቅን ሳለ አንድ ቀጭን፣ ፀጉሩ የአሸዋ ቀለም ያለው ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ና ግባ፤ ቧንቧው በጓሮ በኩል ነው» አልኩት።

ኮቱን አውልቆ ገባ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲታገል ሸሚዙ በውሃ ራሰ፤ ቧንቧው ባሰበት። አጠገቤ የምትቀመጠው ፍሎሲ ምላሷ ስል ነው፤ ሄዳ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አንተ፣ ሙያህ ነው ወይስ እየገመትክ ነው?»

«እየገመትኩ ነው» አላት።

«ቧንቧ ሠሪ አይደለህም እንዴ?»

«አይደለሁም። እናንተ እንድሆን ፈለጋችሁ፤ እኔም ሞከርኩ።»

«ታዲያ ማን ነህ?» አልኩት እኔ።

በአገጩ ወደ እጄ ጠቆመ። «እሱ ነኝ።»

እጄ ላይ የነበረው ፊልም አንድ የሰባ ዓመት ዳኛ ነበር። ማጉያ መነጽሬን አንስቼ ዳኛውን አየሁ፤ ሰውዬውን አየሁ።

«ውሸታም!»

ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ቀለም የለ፣ ጺም የለ፤ የታች ከንፈሩን ትንሽ ጣል፣ የዓይኑን ቆብ ዝቅ፣ ትከሻውን ሰብሰብ ሲያደርግ ዳኛው ተነሥቶ ክፍላችን ውስጥ ተቀመጠ። ፍሎሲ ጮኸች። እኔ አልጮኽኩም፤ ግን መቀሴን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋብኝ። በስድስተኛው ወር ተጋባን።

ቤት ሲገባ ዝምተኛ ነበር። የራሱ የሚባል አነጋገር፣ የራሱ የሚባል አካሄድ ያለው አይመስልም። መንገድ ላይ ግን ዓይኑ አያርፍም። የሚያነክስ ሰው ካየ ከባቡር ወርዶ ሁለት ሠፈር ይከተለዋል፤ እንዲህ ሲያደርግ አንድ ቀን ያላገጠበት የመሰለው አናጺ በቡጢ ነረተው። አፍንጫውን በበረዶ ይዞ «ሲናደድ ግራ እግሩን ነው የሚያስቀድመው፤ አየሽልኝ?» እያለ በደስታ ያወራኝ ነበር።

ሲሠራ የኖረውን ሁሉ ብዘረዝር አያልቅም። ጄኔራል ሆኗል፣ የመርከብ ወጥ ቤት ሆኗል፣ ንፉግ ባለ ሱቅ፣ ሰካራም ሐኪም፣ አንድ ጊዜ ተዋናይዋ ታማ አያትም ሆኗል። ያን ጊዜ ፊልሙ ቀይን ሁሉ ጥቁር ያደርግ ስለነበር ፊቱን ቢጫ ተቀብቶ ነው የሚውለው፤ አንሶላችን ሁሉ ቢጫ ነበር። አንድ ለማኝ ሆኖ ለመሥራት ብሎ ሁለት የፊት ጥርሱን አስነቀለ። ስጮህበት «ድሮም ያሙኝ ነበር» አለኝ። አያሙትም ነበር።

ሜይን ጎዳና ላይ ካለው ሲኒማ ቤት ሄደን የራሱን ፊልም እናያለን። አንድ ቀን ከጎኑ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ሽማግሌው ሲሞት እየተንሰቀሰቀች ታለቅሳለች። ኦርቪል እሷን ሊያይ ዘወር ሲል ክርኑ ነካት።

«አንቺ እህት፣ ባልሽን አደብ አስይዢው! ሰው በሐዘን ላይ እያለ!» አለችኝ።

ስንወጣ እየሳቀ ነበር። እኔ ግን ከነከነኝ።

«አይከፋህም?»

«ምኑ?»

«ማንም አለማወቁ።»

«ሎውል ጌንስ ሱቅ መግባት አይችልም። እኔ ካልሲ እገዛለሁ።»

ሎውል ጌንስ የኩባንያችን ዋና ተዋናይ ነው። አገጩ ብቻ ፖስተር ላይ ቢወጣ ሲኒማ ቤት ይሞላ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲጋራውን ለሁሉ ያካፍላል፣ የፍሎሲ እናት ስትታመም አበባ ልኳል። ግን ፈሪ ነበር። ፊቱ ከተበላሸ ምንም እንደማይቀረው የሚያውቅ ሰው ፍርሃት ነው፤ ከዚያ የባሰ የለም።

በ1924 ሚስተር ፌንተን ከጦርነት ስለሚመለስ ወታደር አንድ ፊልም ጀመረ። ወታደሩ ጌንስ፣ ገበሬው አባት ኦርቪል። አባትየው ልጁ ቆስሎ ሆስፒታል መተኛቱን ማንም አልነገረውም፤ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ይጠብቀዋል። ትዕይንቱን ሳን ፈርናንዶ ጣቢያ ላይ ሊያነሡ ሲሄዱ ሚስተር ፌንተን እኔንም ይዞኝ ሄደ፤ ቆራጭዋ አጠገቡ ስትሆን ደስ ይለው ነበር።

ባቡሩ እውነተኛ ባቡር ነው። ቆመ፤ ሰዎች ወረዱ፤ ተቃቀፉ። ኦርቪል ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። እያንዳንዱን ፊት ያያል፣ ይተወዋል። አንድ ወታደር ጀርባውን ሰጥቶ ሻንጣ ሲያወርድ ኦርቪል አንድ እርምጃ ተራመደ። ወታደሩ ዞረ። ኦርቪል ያችን አንድ እርምጃ መልሶ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ሰዉ ሳሳ፣ እንፋሎቱ ለቀቀ፣ ባቡሩ ሄደ። ባርኔጣውን አጠለቀ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ አወለቀው፤ ልጁ በሌላ በኩል ወርዶ ሊሆን ይችላላ፣ ድንገት ቢመጣ ባርኔጣ አድርጎ እንዳያገኘው።

ሚስተር ፌንተን «በቃ» ማለቱን ረሳ። ካሜራ ያዡ ፊልሙ እስኪያልቅበት እጀታውን ሲያዞር ቆየ። የጣቢያው ሠራተኛ ብቻ፣ ካሜራውን ሳያይ ይሁን አይቶ ረስቶት ይሁን እንጃ፣ መጥቶ የኦርቪልን ክንድ ያዝ አደረገ።

«አባባ፣ የሚቀጥለው ባቡር አመሻሽ ላይ ነው። ገብተው ጥላው ሥር ይቀመጡ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለው ኦርቪል። ገብቶም ተቀመጠ። ከሠራተኛው በአራት ዓመት ብቻ ነበር የሚበልጠው።

ያን ትዕይንት እኔው ቆርጬ ቀጠልኩት። ቆረጥኩ ማለት አይቻልም፤ ጫፍና ጫፉን ብቻ ነው የነካሁት። ፊልሙን ለሙከራ ፖሞና ከተማ ወስደን አሳየን። ሲያልቅ መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ሰዉ የሚለውን ሰማሁ። ስለ ጌንስ የሚያወራ አልነበረም። «ያ ሽማግሌ!» ይላሉ፤ «የማን አባት ነው ያስመጡት? ከየትኛው እርሻ ነው ያገኙት?» ዞር ስል ጌንስ ከምሰሶው ኋላ ቆሞ ያዳምጣል። ሲጋራው እጁ ላይ ነዶ አልቋል።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ተቀምጦ ነበር። «ባቡር ጣቢያው ይውጣ። አባትየው ከሁለት ቦታ በላይ አይታይ።» የኩባንያው አለቃ የሚስተር ሃቨርሊ ፊርማ አለበት። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።

«ሚስተር ሃቨርሊ፣ ያለዚያ ትዕይንት ፊልሙ ፊልም አይሆንም።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ?»

«ተቀመጪ ወይዘሮ ስታክፖል። ሰዉ ሲኒማ ቤት የሚመጣው ሎውልን ሊያይ ነው። ሽማግሌውን አይቶ ከወጣ በሚቀጥለው ጊዜ ለምን ይመጣል? ሽማግሌው እኮ በሚቀጥለው ጊዜ የለም፤ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው።» አነጋገሩ ደግ ነበር፤ ያ ነው የከበደኝ። «ባልሽ መሆኑን አውቃለሁ። አልችልም ካልሽ ፍሎሲ ትቁረጠው፤ አልቀየምሽም።»

ሚስተር ፌንተን ዘንድ ሄድኩ፤ እሱም ተመሳሳይ ወረቀት ደርሶት ጠረጴዛው ላይ አፍጥጦ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ተመልሼ ጓንቴን አጠለቅኩ። ለፍሎሲ አልሰጠኋትም። ሌላ እጅ እንዲነካው አልፈለግኩም። ያወጣሁት ቁራጭ ከሌላው ጥራጊ ጋር በርሜል ውስጥ ገባ። ቦርሳዬ ውስጥ ልከተው እችል ነበር። ፊልም ግን እንደ ባሩድ ነው የሚነደው፤ ባለፈው ዓመት የአንዷ ጓደኛችን ቤት ተቃጥሏል፤ ፈራሁ። ለምን ፈራሁ እያልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ቤት ስገባ ኦርቪል በረንዳ ላይ ጫማውን ይወለውላል።

«ቆረጡት?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ማን ነገረህ?»

«እጅሽ። ጓንትሽን ሳታወልቂ ነው የመጣሽው።»

እውነቱን ነው፤ አላወለቅኩም ነበር። «ሌላ ሰው አይደለም ኦርቪል፤ እኔ ነኝ የቆረጥኩት። በገዛ እጄ።»

ብሩሹን አቆመ። «በደንብ ነው የቆረጥሽው?»

«ምን?»

«ጫፍ ላይ ባርኔጣዬ ወይም እጄ እንዳይቀር ነው የምልሽ። ትንሽ ነገር ከቀረ ሰው ምን ጎደለ ብሎ ይቸገራል።»

«ምንም አልቀረም።»

«ጎሽ» አለ። ብሩሹን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ። እራት እስኪቀርብ ያንኑ አንድ ጫማ ነበር የሚወለውለው።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሣብኝም። በሚቀጥለው ሳምንት የባንክ ዘበኛ ሆኖ ሥራ ገባ፤ ከጌንስም ጋር ሰላምታቸው እንደ ድሮው ነበር። ሲጋራውንም ይቀበለው ነበር። እኔ ነበርኩ ጌንስን ሳይ መንገድ የምቀይረው።

ከዚያ የድምፅ ፊልም መጣ። ኢደንዴል ውስጥ ያልፈራ የለም። ሎውል ጌንስ አፉ ውስጥ የፕለም ፍሬ ይዞ ንግግር ሲማር ይውላል። ኦርቪል ግን ደስ አለው። ቲያትር ላይ ያደገ ሰው ነው፤ ድምፁ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ይሄዳል። ሚስተር ፌንተን የጠበቃ ሥራ ሰጠው፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ንግግር፣ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚናገረው። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ሲለማመደው ጎረቤቶቻችን መስኮት ከፍተው ይሰሙት ነበር።

«ዜልማ» አለኝ አንድ ቀን፤ «አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ነው የኖርኩት።»

ቀረጻው አንድ ሳምንት ሲቀረው ቁርስ ላይ ተቀምጠን ሳለ ቡናው ከአፉ በቀኝ በኩል ፈሰሰና ሸሚዙ ላይ ወረደ። ቀና ብዬ አየሁት። የፊቱ ግማሽ ወደ ታች ወርዷል፤ ቅንድቡ፣ ጉንጩ፣ የከንፈሩ ጫፍ። ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የምትሠራው?»

«ማንንም» አለ፤ ቃሉ ተኮላተፈበት። «ማንንም አይደለም ዜልማ። አልመለስ አለኝ።»

ሐኪሙ ነርቭ ነው አለ። አንዳንዱ ሰው በወር ይድናል፣ አንዳንዱ በዓመት፣ አንዳንዱ እንደዚያው ይቀራል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ኤሌክትሪክ ሞከርን። ትኩስ ሰም ሞከርን። ግሌንዴል ያለች አንዲት እጇን ጭና የምትጸልይ ሴትም ዘንድ ሄድን። ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት አስቀምጠዋለሁ። «ቅንድብህን አንሣ» እለዋለሁ፤ ግራው ይነሣል። «ፈገግ በል» እለዋለሁ፤ ግማሹ ፈገግ ይላል። ልምምዱ ሲሰለቸው እንኳ መሰልቸቱን የሚያሳየው ግማሹ ነበር። የጠበቃውን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጡት። ንግግሩ በሦስት ወር ተስተካከለ፣ ድምፁ ድሮ እንደነበረው ሆነ። ፊቱ ግን አልተመለሰም።

በመከር ወራት አንድ አዲስ ዳይሬክተር ከኒው ዮርክ መጣ፤ ሚስተር ሎሪመር ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ከእኛ ማንንም አያውቅም። የእስር ቤት ጠባቂ የሚሆን ሰው ፈለገ፤ ሦስት መስመር የሚናገር። ሚስተር ፌንተን ኦርቪልን ላከው። እኔም ሥራዬን ጥዬ ሄድኩና ከግድግዳው ጥግ ቆምኩ። በሮቹ ተዘጉ፤ የድምፅ ፊልም ሲነሣ ማንም መግባትም መውጣትም አይችልም።

ኦርቪል ቁልፎቹን ይዞ ወጣ፤ የመጀመሪያውን መስመር ተናገረ። እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ! ድምፅ ቀጂው መስተዋት በተገጠመበት ክፍሉ ውስጥ ቀና አለ።

«ቁም፣ ቁም!» አለ ሚስተር ሎሪመር። «ፊትህ ላይ ያደረግከው ምንድን ነው?»

«ጌታዬ?»

«አፍህን ነው የምልህ። ማን ነው የቀባህ? ይሄ የድሮ ፊልም አይደለም እኮ ወዳጄ፤ አፍ ማጣመም ቀረ። በዝቷል። ሂድና ጥረገው።»

እዚያ ክፍል ውስጥ ኦርቪልን የሚያውቁ ከአሥር የማያንሱ ሰዎች ነበሩ። መብራት ያዡ ጣራውን አየ። ካሜራ ያዡ ጫማውን አየ። አንድ ሰው ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። የተናገረ የለም። እኔም ሚስቱ ሆኜ ቆሜ ዝም አልኩ።

«እሺ ጌታዬ» አለ ኦርቪል፤ ሄደም።

ተከትዬው መልበሻ ክፍል ገባሁ። መስተዋቱ ፊት ተቀምጦ ፊቱን በቅባትና በፎጣ ይፈገፍጋል። ፊቱ ላይ ምንም ቀለም አልነበረም።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ጥረግ ተባልኩ።»

«ኦርቪል፣ ተነሥ። ቤት እንሂድ። በእግዜር ስም፣ ተነሥ።»

«ሦስት መስመር ነው ዜልማ» አለኝ። «ሁለት ቀርቶኛል።»

ፊቱ ቀልቶ፣ ንጹሕ ሆኖ ተመልሶ ወጣ። ሚስተር ሎሪመር ጠጋ ብሎ አየው።

«አሁንም አለ።»

«አይለቅም ጌታዬ» አለ ኦርቪል።

ያኔ ገባው። የወጣቱ ፊት አመድ መሰለ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ወንበር አስመጣ፣ ውሃ አስመጣ፤ ከልቡ ነበር። ከዚያ ሁሉም ሰው የሚከፈለው በሰዓት ስለሆነ ወደ ሥራው ተመለሱ። ካሜራውን ከኦርቪል ኋላ አዞሩት። ያን ፊልም ያየ ሰው ቁልፍ የያዘ እጅ ያያል፣ ሦስት መስመር ይሰማል። ከዚያ ወዲያ አልጠሩትም፤ እሱም አልጠየቀም።

በ1931 ኩባንያው ድምፅ የሌላቸውን ፊልሞች ሁሉ ከመጋዘን ሊያስወጣ ወሰነ። ማንም አያያቸውም፣ ቦታ ይዘዋል፣ እሳት ያስነሣሉ ተባለ። ፊልሙን ቀቅለው ውስጡ ያለውን የብር ማዕድን የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ተሰጠ። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ የኦርቪልን ቆጥሬ መቶ ሠላሳ ሲደርስ ተውኩት። ለእሱ ላለመንገር አስቤ ነበር። ነገርኩት።

«ልምጣ?» አለኝ።

ከጭነት መኪናው አጠገብ ቆሞ ጫኚዎቹን ትንሽ አየ፤ ከዚያ ኮቱን አውልቆ ቆርቆሮዎቹን ያሸክማቸው ጀመር። ከጫኚዎቹ አንዱ፣ ጡንቸኛ ጎረምሳ፣ ሳቀ።

«ኧረ ተው አባት፤ ወገብህ ይቀነጠሳል!»

«ይሄ ላይ ፖስታ አመላላሽ ነበርኩ» አለው ኦርቪል ጽሑፉን እያነበበ። «ይሄ ላይ ዕውር። ይሄ ላይ ዳኛ፤ ባለቤቴን ያገባሁበት ነው።»

«ተዋናይ ነበርክ?» ጎረምሳው ቆሞ ትክ ብሎ አየው። «እኔ ሲኒማ ቤት ውስጥ እኮ ነው ያደግኩት። እንዴት አላወቅኩህም?»

«ጎበዝ ነበርኩ ማለት ነው።»

ጎረምሳው ግራ ገባው። «በለው» አለ።

«በብሩ ምን ይሠሩበታል?» ሲል ኦርቪል ጠየቀው።

«እንጃ። ማንኪያ መሰለኝ።»

«ማንኪያ» አለ ኦርቪል። ቀጥሎ ያለውን ቆርቆሮ አነሣ። የመጨረሻው እስኪጫን ሠራ፤ የመኪናውን የኋላ በር የዘጋውም እሱ ነው። እጁ እስከ ክርኑ በዝገት ጠቁሮ ነበር። እኔ ወረቀቴን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ ጫኚው ፈርሚ ሲለኝ ፈረምኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በክረምት ሌላ በሽታ መታው፤ ይሄኛው ጭንቅላቱን ነበር። አሥራ አንድ ቀን ተኛ። መናገር አልቻለም፤ ግራ እጁ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዓይኑ እኔን ይከተላል፤ አንድ ነገር ይፈልጋል። ውሃ ሰጠሁት፤ አይደለም። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፤ አይደለም። መስተዋት አመጣሁለት፤ ዓይኑን ጨፈነ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያን ፊት በመነጽር እያየሁ፣ የዓይኑ ቆብ የት ላይ እንደሚነሣ፣ ከንፈሩ የት ላይ እንደሚጀምር እያወቅኩ ስቆርጥ ኖሬ፣ ምን እንደፈለገ ማወቅ አቃተኝ። ረቡዕ ጠዋት፣ ነርሷ አልጋውን ስታስተካክል፣ ሞተ። ምን ፈልጎ እንደነበር አላወቅኩም።

ከጋዜጣ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ፍሎሲ ነግራቸው ኖሯል። «ፎቶግራፍ ይኖርዎታል?» አለች። ሞልቶኛል አልኳት። ወስጄ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት፦ ጄኔራሉን፣ ወጥ ቤቱን፣ ሰካራሙን ሐኪም፣ አያቲቱን።

አንድ በአንድ አየችው። «የራሱ የለም? ማለቴ እሱን ራሱን?»

ያለኝ የሠርጋችን ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው አትንቀሳቀሱ ሲለን ኦርቪል የፎቶ አንሺውን አቋቋም ሊያይ አንገቱን አዞረ፤ ፊቱ ደብዝዟል። ልጅቷ ብርሃን ላይ ያዘችውና «ይሄ አይወጣም ወይዘሮ ስታክፖል፤ አዝናለሁ» አለችኝ።

ያለ ፎቶ አወጡት፤ አራት መስመር። «ኦርሰን ስታክፖል» ይላል፤ በሎውል ጌንስ ፊልሞች ውስጥ በአነስተኛ ሚና ተሳትፏል ይላል። በማግሥቱ ሄጄ ስሙ ኦርቪል ነው አልኳቸው። የተቀበለኝ ሰውዬ ተነሥቶ አስቀመጠኝ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ እርማቱን በጥሩ ጽሕፈት ጽፎ ሌሎች ወረቀቶች ላይ አኖረው። ነገ ይወጣል አለኝ።

አንድ ሳምንት ያህል ጋዜጣውን እየገዛሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩ። ከዚያ መግዛቱን ተውኩ።